የባትሪው ውሃ የፈሰሰበት ግቢ፦ ከአቃቂ ወዲያ የታየ አንድ ጉዳይ

ጉዳዩ በአጭሩ

ከአቃቂ አልፎ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው አቅጣጫ፣ አንድ ትንሽ ወንዝ ዳር፣ አሮጌ ባትሪ የሚሰበሰብበት ግቢ አለ። የመኪናም፣ የዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው መሣሪያ) ባትሪ ይገባበታል፤ የሚበዛው ግን ከክፍለ ሀገር በአይሱዙ የሚመጣው የሶላር ባትሪ ነው። ባትሪው ይከፈታል፣ አሲዱ ይደፋል፣ እርሳሱ በኪሎ ይሸጣል። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ውሃው ግቢው ድረስ ይገባል፤ ሲመለስም ባዶ እጁን አይመለስም። ከግቢው በታች የጎመንና የቆስጣ ማሳ አለ።

ጉዳዩን የያዙት ዕድሜያቸውን በአደገኛ ቆሻሻ፣ በታዳሽ ኃይልና በአደጋ ስጋት ሥራ ያሳለፉ አንዲት ሳይንቲስት ናቸው። ከዚህ በኋላ ዶክተሯ እላቸዋለሁ። እኔ ናሙና እየተሸከምኩ፣ እየመዘንኩና እየመዘገብኩ አብሬያቸው ነበርኩ። የማንንም ሰው፣ የማንንም መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ ትክክለኛውን ቦታም አላመለክትም። የሠራነው ግማሹ ተሳክቷል፣ ግማሹ አልተሳካም። ካልተሳካው ውስጥ ከባዱ ጥፋት የራሳችን ስለሆነ፣ እሱን በደንብ እገልጸዋለሁ።

ዳራ፦ ሦስት ሥራ፣ አንድ ሰው

ዶክተሯ የኬሚስትሪ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የገቡበት ሥራ ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ ነበር። አገራችን ለአሥርተ ዓመታት ያስገባችው መድኃኒት ሳይረጭ ቀርቶ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ነበር፤ በርሜሉ ዝጎ፣ ጆንያው ተቀዶ። ከ1992 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው ተሰብስቦ፣ እንደ ገና ታሽጎ፣ በመርከብ ፊንላንድ ተወስዶ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሏል። ከዚያ ዘመን ይዘውት የመጡት አንድ አነጋገር አላቸው፤ እኛ ወጣቶቹ እስኪሰለቸን ሰምተነዋል፦ «የሚሄድበት ሳይታወቅ በርሜል አይከፈትም።» ይህን አነጋገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ቀጥሎ ሶላር ውስጥ ገቡ። የገጠር ጤና ኬላዎች መብራትና የክትባት ማቀዝቀዣ የሚያገኙበት ሥራ ነበር። አገሪቱ በ2011 ዓ.ም. ያሻሻለችው የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆነ ኃይል፣ በአብዛኛው በሶላር፣ ለመድረስ ያቀደ ነው። ፓኔሉ 25 ዓመት ገደማ ያገለግላል። አብሮት የሚሄደው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ግን በሙቀት አገር፣ ማታ ማታ እስከ መጨረሻው እየተሟጠጠ፣ ሦስት ወይም አራት ዓመት ከቆየ ጥሩ ነው። ስለዚህ አንድ ፓኔል በዕድሜው ከስድስት እስከ ስምንት ባትሪ ይጨርሳል። ይህን ስሌት ዶክተሯ ራሳቸው የሠሩት ዘግይተው ነው። «በፕሮጀክታችን ሰነድ ውስጥ ባትሪ የሚለው ቃል የነበረው የግዢ ሠንጠረዡ ላይ ብቻ ነው» ብለውናል።

ሦስተኛው ሥራቸው የመጣው ከአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ፣ ከቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቦታው ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራው ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ሲቃወሙ በወራት ውስጥ ቆመና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። ከአደጋው በኋላ ክምሩ ውስጥ አየር እንዲገባና ፍሳሹ በቱቦ እንዲወጣ የሚያደርገው የጃፓኖቹ የፉኩኦካ ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ከጎኑ የረጲ የደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ዶክተሯ ከቆሼ ወዲህ «ቆሻሻው ምን ዓይነት ነው?» ከማለት በፊት «ውሃው በየት ይሄዳል? ማን ሥር ተኝቷል?» ብለው መጠየቅ ለመዱ።

የሥራ ባልደረቦቻቸው አንድ ቦታ የማይረጉ ሰው አድርገው ያዩዋቸው ነበር። እኔም ስቀጠር እንደዚያው ነበር ያሰብኩት።

ችግሩ፦ ግቢው ውስጥ ያየነው

መጀመሪያ የሄድነው በመጋቢት ነው። ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ፣ ሁለት ክፍል ቤትና አንድ ዳስ ያለበት ነው። ባለቤቱ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው፣ ከቁራሌው የሚገዙ፣ ሰው የሚያከብሩ ነጋዴ ናቸው። ጥበቃው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያው ይኖራል። በዳሱ ሥር ወደ መቶ የሚሆን ባትሪ ተደርድሯል፤ ከዳሱ ኋላ ደግሞ አንድ ወጣት ምሽት ላይ በተቆረጠ በርሜል ከሰል አንድዶ ፕሌቱን፣ ማለትም ከባትሪው ሆድ የሚወጣውን የእርሳስ ሰሌዳ፣ ያቀልጣል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ከሰል ይበቃዋል።

አንድ ባትሪ ጎኑ ላይ በማርከር የተጻፈ ቀን ነበረበት፦ የተተከለበት፣ ውሃ የተጨመረበት፣ የተፈተሸበት። ዶክተሯ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። እንዲህ አድርጎ መመዝገብን ለጤና ኬላ ቴክኒሺያኖች ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ። ምንም አላሉም፤ ፎቶ አንሺው አሉኝ። ጉዳዩን ለምን እንዲህ አጥብቀው እንደያዙት ያኔ ገባኝ።

መሬቱ መረሬ ነው። መረሬን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በክረምት ጫማ ያወልቃል፣ በበጋ ደግሞ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል። አሲዱ የሚደፋው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነበር። ከላይ ሲታይ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ሁሉም ሰው «ጠፋ» ይላል። ከዩኒቨርሲቲ ለሁለት ቀን በተዋስነው፣ በእጅ በሚያዝና አፈር ውስጥ ያለውን ብረት በኤክስሬይ በሚለካ መሣሪያ ስንለካ ግን በግቢው መሐል ያለው እርሳስ፣ አሜሪካኖች ለመኖሪያ አፈር ለረጅም ዓመታት ጣሪያ አድርገው ከያዙት ከ400 ሚሊግራም በኪሎ በብዙ እጥፍ በለጠ።

ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የአዲስ አበባ ውሃ ስለሚቀዳ፣ አንዳችን «የከተማው ውሃ ተመረዘ» የሚል ሪፖርት ለመጻፍ ተነሳ። ዶክተሯ ከለከሉ። «እርሳስ አፈር ላይ ይጣበቃል፤ በቀላሉ ወደ ጥልቅ አይወርድም። የማታውቁትን እየጻፋችሁ ሰው አታስደንግጡ። የዚህ ነገር መንገድ አቧራና ደለል ነው።» አቧራው የልጆቹ ነው፤ መሬት የነካ እጅ አፍ ይገባል። ደለሉ ደግሞ የወንዙ ነው። ወንዙ ወደ አቃቂ፣ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ መሆኑን በመኪና ስንመለስ ያስታወሱን እሳቸው ናቸው፤ ቀልዱ መራራ ነበር።

እዚያው የሚኖሩት የአራት ልጆች ደም ተመረመረ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ በደም ውስጥ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ይላል፤ ከ5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ሲደርስ ደግሞ ምንጩ ተፈልጎ እንዲቋረጥ ይመክራል። የአራቱም ውጤት ከዚያ በላይ ሆነ። በሴኔጋል፣ ከዳካር ዳርቻ ቲያሮይ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር፣ በ2000 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሕፃናት የሞቱት ከእንዲህ ዓይነቱ የባትሪ ሥራ በተነሳ መመረዝ ነው። የእኛዎቹ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ይስቃሉ፤ ለዚህ ነው እናትየዋን ማሳመን የከበደን። የታመመ ልጅ አይመስሉም።

ጎርፉን ያነበብነው ከፌስታል ነው። ወንዙ ዳር መለኪያ የለም። ግን የአጥሩ እሾህና የባሕር ዛፉ ዝቅተኛ ቅርንጫፎች ላይ ያለፈው ክረምት ጎርፍ ያመጣው ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ ሁሉም በአንድ ከፍታ፣ በገመድ የተሰመረ ይመስል። ዶክተሯ ሲባጎ ከፌስታል ወደ ፌስታል ወጠሩና ግቢው ውስጥ አስገቡት። ሲባጎው የባትሪውን ድርድር ከወገቡ በላይ ቆረጠው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ቢሮ ሄድን፤ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የመጀመሪያው «ይሄ የኃይል መሣሪያ ነው» አለ። ሁለተኛው «አገልግሎቱን ከጨረሰ ቆሻሻ ነው፤ የኛ አይደለም» አለ። ሦስተኛው ደግሞ በትሕትና «ጎርፉ ሲመጣ አሳውቁን» አለን። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ፤ አገሪቱም አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር እንዳይዘዋወር የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት አባል ከሆነች ቆይታለች። ወረቀቱ አይጎድልም። ጉዳዩን «የኔ ነው» የሚል ጠረጴዛ ነው የጠፋው።

ከዚያ ሥልጠና ሰጠን፣ ጓንትና ማስክ አደልን። በሳምንቱ ስንመለስ ጓንቱን ጥበቃው ለከሰል ሥራ ይዞታል፤ ማስኩ የለም። አልተቆጣንም። በፀሐይ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ ያን ማስክ አድርጎ ባትሪ የሚያነሳ ካለ እስኪ ይሞክረው።

ቀጥሎ ኖራ ነሰነስን። ኖራ አሲዱን ያበርዳል፤ ትምህርት ቤት የተማርነው ነው። አሲዱ በረደ፤ አሲድ መኖር አለመኖሩን በቀለሙ የሚያሳየው የሊትመስ ወረቀት መሰከረ። እርሳሱ ግን የትም አልሄደም፤ ነጭ ዝቃጭ ውስጥ ተቀምጧል። በሦስተኛው ቀን የጥበቃው ሚስት ያንን ዝቃጭ በባልዲ ሞልታ ወደ ቤት ስትሄድ ደረስንባት። ለበዓል ግድግዳዋን ልትቀባ። ምን ታጥፋ? ኖራ ማለት ለማንም ሰው የግድግዳ ቀለም ነው፤ እኛም በዓይኗ ፊት «ኖራ ነው፣ አይጎዳም» ስንል ውለናል። ዝቃጩን ሦስት በርሜል ውስጥ አድርገን ከደንነው፤ በላዩ የራስ ቅል ምልክት በቀይ ቀለም ሣልንበት።

ሁኔታውን የለወጠው የግቢው ባለቤት አንድ ንግግር ነው። ዶክተሯ ስለ አሲዱ ጉዳት አንዴ እያስረዷቸው እያለ ሰውየው አቋረጧቸው፦ «ዶክተር፣ እኔ መድፋት ወድጄ ነው? አሲድ ያለውን አይገዛኝም እኮ። እርስዎ ይግዙኝና አንዲት ጠብታ አልደፋም።»

ሁለት ወር ሙሉ ይህን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ለባትሪ ማቅለጫ ፋብሪካ የሚገዛው ወኪል የሚከፍለው ለተደፋ ባትሪ ብቻ ነው። በሳምንቱ ወኪሉንም፣ ሾፌሩንም፣ ባለቤቱንም አንድ ላይ አስቀመጥን። ወኪሉ «የሚንጠባጠብ ባትሪ አላስጭንም፤ ደግሞም ውሃ በእርሳስ ዋጋ አልገዛም» አለ። ሾፌሩ የአይሱዙውን የጭነት ወለል አሳየን፤ አሲድ የበላው ቀዳዳ ነው፣ መሬቱ ይታይበታል። ሁለቱም እውነት ነበራቸው።

መፍትሔው ሚዛን ላይ ተገኘ። ባትሪው ሳይደፋ ይመዘን፣ ለአሲዱ ግን ከኪሎው ይቀነስ ተባለ። ስንት? ወኪሉ ከመቶ 30 አለ፤ ባለቤቱ 15። ክርክሩ ሲረዝም ዶክተሯ አንድ የሶላር ባትሪ አስመጡ። በሁሉም ፊት ተመዘነ፦ 27 ኪሎ። መነጽርና የጎማ ጓንት አድርገው ክዳኑን ፈቱና በማንቆርቆሪያ አፍ ወደ ጀሪካን አንጠፈጠፉት። ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ማንም አልተናገረም። እንደ ገና ተመዘነ፦ 21 ኪሎ ተኩል። ከመቶ 20 ገደማ መሆኑ ነው። ወኪሉ «ላዩ ላይ ያለው ጭቃስ?» አለ፤ ሳቅ ሆነ፤ በ22 ተስማሙ። ለሾፌሩ ጠርዝ ያለው ሰፊ የፕላስቲክ ማስቀመጫ ተገዛለት፤ ባትሪው ቆሞ፣ ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ ይጫናል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መድፋት ኪሳራ ሆነ። ባለቤቱ ራሳቸው ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ አንድ ልጅ ባትሪ ጥሎ ቢሰብር «ኪሎዬን ደፋኸው!» ብለው ይጮሁበታል።

ጎን ለጎን ሁለት ነገር ሠራን። አንደኛው የባትሪው ማስቀመጫ ነው፤ በድንጋይና በሲሚንቶ ከፍ ያለ መደብ ተሠራ፣ ወለሉ ወደ አንድ ጥግ ዘምበል አለ፣ ጥጉ ላይ የፕላስቲክ ገንዳ ተቀመጠ። የመደቡ ከፍታ ከፌስታሉ መስመር አንድ ክንድ በላይ እንዲሆን ዶክተሯ ድርቅ አሉ። ሲሚንቶው ተወዷል፣ ግማሽ ክንድ ይበቃል ብለን ተከራክረናቸው ነበር።

ሁለተኛው አፈሩ ነው፤ ጥፋታችንም እሱ ላይ ነው።

ቁፋሮው

በግንቦት መጨረሻ አንድ መሥሪያ ቤት የተበከለውን አፈር የሚያነሳ መኪና እንደሚልክ በቃል አረጋገጠልን። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ብሎ ነው። እኛም ቸኮልን። የቀን ሠራተኛ ቀጥረን የግቢውን መሐል አንድ ስንዝር ያህል አስፋቅን፤ አፈሩን ወንዙ በኩል ባለው ጥግ ከመርነው፤ በወፍራም ሸራ ሸፈንነው። በቦታው ንጹሕ ቀይ አፈርና ጠጠር ተደለደለ። ግቢው አማረበት። ፎቶ ተነሳን።

መኪናው አልመጣም። ሰኔ 30 አለፈ፤ አዲሱ በጀት ገና አልተለቀቀም ተባለ።

በሐምሌ ሸራው ጠፋ። ፍለጋ አላስቸገረንም፤ ከአጥሩ ማዶ አዲስ ከተሠሩት የጭቃ ቤቶች በአንዱ ጣሪያ ላይ አገኘነው። የተበከለ አፈር ላይ የከረመ ሸራ ከልጆች ራስ በላይ ተዘርግቷል። ዶክተሯ አዲስ ሸራ ከኪሳቸው ገዝተው ለወጡላቸው። ክምሩን ሁለተኛ ስንሸፍነው በፕላስቲክ ነበር፤ ንፋስ ገነጠለው።

ጎርፉ የመጣው በነሐሴ፣ ሌሊት ነው። ጠዋት ስንደርስ አዲሱ የውሃ ምልክት ከአሮጌው የፌስታል መስመር አንድ ስንዝር በልጧል። ላይ በኩል በየዓመቱ ኮንዶሚኒየምና አስፋልት ሲጨመር መሬቱ ውሃ አይጠጣም፤ ዝናቡ ያው ቢሆን እንኳ ወንዙ ጋ የሚደርሰው ፈጥኖና በዝቶ ነው። መደቡ ደርቆ ቆሟል፤ ባትሪ አልተነካም። ያ የተከራከርንበት ግማሽ ክንድ ነው ያዳነን።

የአፈሩ ክምር ግን ግማሹ የለም።

«የሚሄድበት ሳይታወቅ በርሜል አይከፈትም» የሚለውን እኛ አላነሳንባቸውም፤ ራሳቸው አነሱት። መሬቱ ሳይነካ ቢቆይ ኖሮ ጎርፉ የሚወስደው ከላዩ ትንሽ ነበር፤ እኛ ግን ፍቀን፣ አላልተን፣ ወንዙ አፍ ላይ አስቀመጥንለት። ሪፖርቱ ላይ ይህንኑ በራሳቸው ቃል ጻፉት። አንዱ አለቃ «ይለስልስ» ብሎ ነበር፤ አልለሰለሰም።

የማሳዋን ባለቤት ማነጋገር የኔ ድርሻ ሆነ። እማማ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ቆስጣውን አቃቂ ገበያ ያወጣሉ፣ ለበዓል ደግሞ ከወንዙ ዳር ቄጠማ አጭደው ይሸጣሉ። ስለ ደለሉ ነገርኳቸው። «ጎመኑ ነው የታመመው ወይስ እኔ ነኝ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። «እሺ፣ የዚህን ክረምት ጎመን ማን ይከፍለኛል?» ለዚህም መልስ አልነበረኝም፤ እስካሁንም የከፈላቸው የለም። በኋላ ዶክተሯ መጥተው አብረዋቸው ተቀመጡ፤ ጎርፉ ጭቃ የጣለበትን ጠርዝ ለይተው በችካል አሳዩዋቸው። ቅጠልና ሥሩ የሚበላ ተክል ከአፈሩ ጋር ይነካካል፣ እርሳሱም ይብስበታል፤ ፍሬው ከመሬት ርቆ የሚበላው ይሻላል። በችካሉ ውስጥ በቆሎ ተዘራ። ቄጠማውም ከዚያ ጠርዝ እንዳይታጨድ ተስማሙ፤ ጭቃ የያዘ ቄጠማ ሰው ሳሎን ውስጥ ተጎዝጉዞ ሲደርቅ አቧራ መሆኑ አይቀርም።

የሠራውና ያልሠራው

የሚዛኑ ስምምነት ሠራ፤ እስካሁንም ይሠራል። ከፍ ያለው መደብም ሠራ። ልጆቹን በተመለከተ የረዳው ተራ ነገር ነው፦ ቤቱን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ቀርቶ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ የሥራ ልብስና ጫማ ከደጅ መቅረት፣ እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ አለመንካት። እናትየዋ መጀመሪያ ባታምንም፣ ሁለተኛው የደም ምርመራ ቀነስ ብሎ ሲታይ ለጎረቤቶቿ የምታስተምረው እሷ ሆነች። ውጤቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ እርሳስ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል።

ማቅለጡን አላስቆምነውም። ወጣቱ ሳይከፈት የሚሸጠው ባትሪ ሲበዛ ሥራ አጣና በርሜሉን ይዞ ሄደ። ሌላ ቦታ ጀመረ ሲባል ሰምተናል። ይህን «ስኬት» ብለው የጻፉ አሉ፤ እኔ አልጽፍም። ለልጁ ሌላ ገቢ ሳናስብለት ነው የሄደው።

ጓንቱ፣ ማስኩና ሥልጠናው አልሠሩም። ቁፋሮው ጎዳ።

ለሌላ ቦታ የሚተርፈው

በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በለገጣፎም እንዲህ ያለ ግቢ ለገጠመው ሰው የምለው አለኝ። ከሁሉ በፊት ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚዞር ይጠይቅ። አሲዱን መሬት ላይ ያስደፋው የዋጋ ደንብ ነበር፤ እኛ ግን ድንቁርና መስሎን ሁለት ወር አስተማርን። ጥያቄውም መጠየቅ ያለበት ለሚሠራው ሰው ነው፤ እሱ መልሱን አስቀድሞ ያውቃል።

አፈር ላይ ቸኩሎ እጅ አለማንሳት ይሻላል። የሚወስደው መኪና በር ላይ ካልቆመ፣ የሚቀበለው ቦታ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ፣ መሬቱን ባለበት በንጹሕ አፈርና ጠጠር ሸፍኖ ማጠር ይበልጣል። ቃል መኪና አይደለም፤ በተለይ በሰኔ።

የጎርፍ ከፍታን ከአሮጌ ምልክት የሚያነብ ሰው የላይኛውን ሰፈር ሄዶ ይይ። ከተማ እየሰፋ ባለበት ዳርቻ ያለፈው ዓመት ፌስታል የዘንድሮውን ውሃ አይነግርም፤ ትርፍ ከፍታ የግድ ነው።

ባትሪው ቆሼ ይጣል የሚልም ገጥሞናል። ረጲ የተሠራው የቤት ቆሻሻ ለማቃጠል ነው፤ እርሳስ ቢቃጠል አይጠፋም፣ ከአመዱና ከብናኙ ጋር ይወጣል፤ ያ አመድ ደግሞ ራሱ በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ነው። የእርሳስ ባትሪ የሚሻለው ቦታ በሥርዓት የሚያቀልጥ ፋብሪካ ብቻ ነው፤ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ተመልሶ የሚያገለግል እርሳስ ነው።

አሁን አዲሱ ሶላር በሊቲየም እየመጣ ነው። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም የኤሌክትሪክ መኪናው በርክቷል። ሊቲየም እርሳስ የለበትም፤ ሲበሳ ግን በእሳት ይቀጣጠላል፣ በውሃ ማጥፋትም ያስቸግራል። የግቢው ባለቤት ባለፈው «እሱስ በኪሎ ስንት ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። ገና ዋጋ የለውም አልኳቸው። ዶክተሯ ይህን ስነግራቸው ዋጋው ሳይወጣ ወኪሉን እናግኘው አሉ፤ ቀጠሮ ይዘናል።

አሁን ያለበት

ሦስቱ የዝቃጭ በርሜሎች መደቡ ላይ ናቸው። የሚረከበን ቦታ አላገኘንም። ከጎርፉ የተረፈው የአፈር ክምር በጠጠር ተሸፍኖ፣ በድንጋይ ግንብ ታጥሮ ባለበት አለ። በርሜሎቹ ላይ የሣልነው ቀይ የራስ ቅል በፀሐይ ስለደበዘዘ ጥበቃው ዘንድሮ እንደ ገና ቀባው፤ ጥርሱን ትንሽ አብዝቶበታል። ዶክተሯ ጡረታ ወጥተዋል። ሰኔ በገባ ቁጥር ግን ስልክ ይደውላሉ፤ ሰላምታው አጭር ነው፣ ወዲያው «በርሜሎቹስ?» ይላሉ። ዘንድሮም «አሉ» አልኳቸው። «ከመስመሩ በላይ ናቸው?» አሉ። ሄጄ በሲባጎ ለክቼ መልሼ ደወልኩላቸው።